ዮኒ የሚያድግበት ስኪ

«ያ ስኪሽ ለማንም ሳይሆን ቀረ፤ ልክ እንዳንቺ» አለችኝ እትዬ ጸዳለ።

ፌርፋክስ ላይ ያለው ምግብ ቤቷ ሰው ሞልቶት ነበር። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፤ እንዲያውም አጠገባችን የሚበሉት ሁለት ሰዎች ከትሪያቸው ቀና እስኪሉ ጠብቃ ነው የቀጠለችው። «አሁን ግን ዮኒ ቅዳሜ ከገርልፍሬንዱ ቤተሰብ ጋር በረዶ ሊሄድ ነው። ሶ አንቺ ነገሩን ስለምታውቂ፣ ይሆነው እንደሆነ እዪለት። ለዚህ ነው የጠራሁሽ።»

እትዬ ጸዳለ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ዮኒ አንድ ልጇ ነው፤ ያ እግር ላይ አስረው በረዶ የሚንሸራተቱበት ስኪ ሲገዛ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፣ አሁን የበሩ መቃን ሊነካው ምንም አልቀረው። ስኪውን ሊያወጣ ወደ ዕቃ ክፍል ገባ። ከጤፍ ጆንያዎቹ ጀርባ ነው የተቀበረው፤ ሲጎትተውና ከግድግዳ ጋር ሲያጋጨው ይሰማኛል። እኔ ሚራክል ማይል ካለው የፓርኪንግ ሥራዬ በቀጥታ ስለመጣሁ ግራ ጉልበቴ መጠዝጠዝ ጀምሯል። ተቀመጪ ያለኝ የለም። ቆሜ ጠበቅኩ። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ማሰቡ አይቀርም።

ሃይስኩል ልጨርስ ስል ነው ነገሩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብርድ ወዳንተ አይመጣም፤ መኪና ይዘህ ትሄድበታለህ። ታኅሣሥ ላይ ፌርፋክስ ላይ ሰው በካናቴራ ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነድተህ ተራራው ላይ ስትወጣ ግን ከንፈርህ ይሰነጠቃል። የትምህርት ቤታችን የስኪ ክበብ አልፎ አልፎ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይወስደን ነበር። የመጀመሪያውን ቀን በቂጤ ነው የወረድኩት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። በኋላ ግን ከክበቡ ልጆች የሚቀድመኝ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ጥዱ ሽታና ስለ ዝምታው ያወራ ነበር። እኔ የወደድኩት ቁልቁለቱ ላይ «ሮማን፣ ይሄን አንሺ፤ ሮማን፣ ያንን አድርሺ» የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ የምሰማው እሱን ነበርና።

የክበቡ አስተማሪ ተራራው ላይ ለሚሠሩት ስሜን ነገረልኝ። በሚቀጥለው የበረዶ ወቅት ጀማሪ የሚያስተምሩ ወጣቶች ሊቀጥሩ ነው፤ የአንድ ቀን ፈተና አለ፤ ያለፈ ሰው እዚያው ተራራው ላይ ማደሪያ ይሰጠዋል። ማደሪያ የሚለውን ስሰማ ሌላውን መስማት አቆምኩ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ የማድረው እትዬ ጸዳለ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነበር። እሷ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ስትከፍት የእኔ ሌሊት ያበቃል። በዚያ ፈተና ካለፍኩ በር ያለው ክፍል አገኛለሁ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ፈተናው ላይ የራስ ስኪ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። የኪራዩ ለጀማሪ የተሠራ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምሩበት ከውኃ እንደወጣ ዓሣ ይንፈራገጣል። ከፒኮ ሮበርትሰን አለፍ ብሎ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበረና ሄድኩ። ሻጩ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው። የቱን ትፈልጊያለሽ አላለኝም።

«እንዴት ነው የምትወርጂው?» አለኝ።

«ጎበዝ ነኝ።»

«እሱን የማይል የለም። ጠዋት በረዶው ደርቆ ሲያንሸራትት ምን ታደርጊያለሽ? ጉብታ ጉብታው ውስጥ ስትገቢስ? ስትፈሪ ወደ ፊት ታዘነብያለሽ ወይስ ወደ ኋላ ትቀመጫለሽ?»

ሰው ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይዋሻል አለኝ። መሆን የሚፈልገውን ይናገራል፣ መሆን ለሚፈልገው ሰው የሚሆን ስኪ ይገዛል፣ ከዚያ እግሩን ይሰብራል። እኔ አልዋሸሁም። አጭር አጭር እየታጠፍኩ መውረድ እንደምወድ፣ በዛፍ መሀል መሹለክ እንደምወድ፣ ስፈራ ግን ወደ ኋላ እንደምቀመጥ ነገርኩት።

ያን ቀን ያስተማረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የእኛ ተራራ ጠዋት ብርጭቆ ነው፤ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ገንፎ ይሆናል። ወገቡ ቀጭን የሆነ ስኪ ብርጭቆውን ይቆነጥጣል፣ ገንፎው ውስጥ ግን ይሰምጣል። ሰፊው ገንፎው ላይ ይንሳፈፋል፣ ብርጭቆው ላይ ግን ጉድ ያደርግሃል። ለተራራው ሁሉ ይሆናል የሚሉት መካከለኛውን ነው፤ ሁሉንም ይችላል፣ ሁሉንም በመጠኑ። ቁመቱ ከአገጭህ እስከ አፍንጫህ ቢደርስ ይበቃል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ድርቀቱ ነው አለኝ። ቀላል ሰው ደረቅ ስኪ ቢጫማ ስኪው አይታጠፍለትም፤ የማይታጠፍ ስኪ ደግሞ ወደፈለገው ቦታ ይወስድሃል እንጂ አትወስደውም። ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ጥንድ አወረደልኝ። መሀሉን በእጄ ስጫነው እሺ አለኝ። ስሜን ለጥፎ አስቀመጠልኝ።

እትዬ ጸዳለ ለምረቃዬ እገዛልሻለሁ አለች። ደግ ሆና አይደለም፤ የምረቃ ግብዣው ላይ ሰው ምን ሰጠቻት ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይሁን አልኩ። ስኪው ተመርጦ ተቀምጧል፣ ሄዳ ማምጣት ብቻ ነው።

ግብዣው እዚሁ ምግብ ቤት ነበር። ስጦታው ከመከፈቱ በፊት ጋሼ ተሰማ ተነሡ። ጋሼ ተሰማ የሰፈሩ ሰው ሲጋባ፣ ሲጣላ፣ ቤት ሲገዛ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ መሪውን አስይዞ ሳያስመርቃቸው አይነዳም። ጥቅሉ ላይ እጃቸውን ጫኑና «የተባረከ ይሁን፤ ካሰብሽው ያድርስሽ» አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከዚያ ወረቀቱን ቀደድኩት። ጥቁር ነው። ሳቆመው ከአናቴ በላይ ወጣ። መሀሉን ስጫነው የባቡር ሐዲድ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ያልኩሽ አይደለም» አልኳት በጆሮዋ።

«አውቃለሁ። ያኛውን አሳይተውኝ ነበር፣ መጫወቻ ነው የሚመስለው። ይሄንን ዮኒ ያድግበታል። አባቱን አታዪም፣ ረጅም ነው።»

«የተመረቅኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ለጊዜው ነሽ» አለች ዳቦውን እየቆረሰች። «ትጋልቢበትና ትሄጃለሽ። ዕቃ ግን ከቤት አይወጣም።»

እኛ ዘንድ ለልጅ ልኩን መግዛት ማባከን ነው። ጫማ ሲገዛ ሁለት ጣት ይተርፋል፣ ሱሪ ሲገዛ ታጥፎ ይሰፋል፣ ታላቅ ለብሶ ለታናሽ ያወርሳል። ለሱሪ ጥሩ ልማድ ነው። ሱሪ ቁልቁል አይወስድህም።

በማግሥቱ ሄጄ ልቀይረው ብዬ ጠየቅኳት። «ጋሼ ተሰማ የመረቁትን?» አለችኝ። «ያ ሁሉ ሰው አሜን ያለበትን? ምርቃት ይመለሳል እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?» በጋውን ሙሉ ጥቁሩ ስኪ ከሶፋው ጀርባ ቆሞ እኔ ስተኛ ቁልቁል ያየኝ ነበር።

የፈተናው ቀን ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ነበር። እትዬ ጸዳለ ስጦታዋ ሥራ ላይ ሲውል ለማየት ሰው ይዛ መጣች። ቫኑን እሷ ድራይቭ ታደርጋለች፣ ጋሼ ተሰማ ከፊት፣ ዮኒና እኔ ከኋላ፣ ስኪው በመሀላችን። የነቢያት ጾም ስለነበረ የተያዘው ሱፍ ፍትፍት በፎይልና ሻይ በፔርሙዝ ነው። ሳን በርናርዲኖን አልፈን መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ዮኒ አስመለሰው። «በአንቺ ጣጣ ልጄን ልገድለው ነው» አለችኝ፣ በመስታወቱ እያየችኝ። መኪናው እስከ ላይ ድረስ ሸተተ።

ስለ ጠዋቱ መዋሸት አልችልም፤ ጥቁሩ ስኪ ብርጭቆው ላይ እንደ ቢላዋ ሄደ። ቀጥ ያለ ሰፊ ቁልቁለት ነበር፣ መታጠፍ ብዙም አይፈልግም። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰው። ከታች ስደርስ ጋሼ ተሰማ በጓንታቸው ሲያጨበጭቡ አየሁ፤ ለአፍታ፣ ተሳስቼ ይሆን እንዴ አልኩ። ፈታኟ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴት ናት። ለምሳ ስንበተን ወደ ጎን ጠራችኝ።

«ትችያለሽ» አለችኝ። «የተጫማሽው ግን የሌላ ሰው ስኪ ነው። ከሰዓት የማያችሁ ጉብታዎቹ ላይ ነው፤ እዚያ ይጥልሻል። ቢሮ ውስጥ የእኔ አጭር ስኪ አለ። በልተሽ ስትጨርሺ ነይና ውሰጂ።»

እየሮጥኩ ወደ ቫኑ ሄድኩ። የኋላውን በር ከፍተው እየበሉ ነበር።

«እትዬ፣ ለከሰዓቱ ሌላ ስኪ ሊያውሱኝ ነው።»

መጉረሷን አላቆመችም። «ይሄኛው ምን ሆነ?»

«ረዘመብኝ። አይታጠፍም።»

«ጠዋት ስትበሪበት አይተንሽ የለም እንዴ? ጋሼ፣ አላዩአትም?»

ጋሼ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የተመረቀ ነገር አይከዳም» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ስኪ አይተው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ምርቃትዎን እምቢ አላልኩም። እንጨቱ ነው እምቢ ያለኝ።»

እትዬ ጸዳለ እጇን በናፕኪን ጠረገችና ለጋሼ ሻይ መቅዳት ጀመረች። እየቀዳች፣ እየሳቀች ነው የተናገረችው። «ስሚኝ፣ እሳቸው ቁጭ ብለው እያዩ የፈረንጅ ስኪ ተጫምተሽ ከወረድሽ እዚሁ ትቀሪያለሽ። መኪናዬ ውስጥ አትገቢም፤ ቤቴም አትገቢም። ኦኬ? ጋሼ፣ ስኳሩ ይበቃል?»

ማደሪያው ገና አልተሰጠኝም። ብወድቅ ሶፋው ብቻ ነው ያለኝ፤ ሶፋው ደግሞ የእሷ ነው። ፈታኟ ቢሮው በር ላይ አጭሩን ስኪ ይዛ ቆማ ስትጠብቀኝ ከሩቅ አየኋት። በእጄ አይሆንም አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀችና መልሳ አስገባችው።

ከሰዓት በረዶው ገንፎ ሆኗል። ጉብታዎቹ ተደርድረው ከላይ ሲታዩ የመቃብር ስፍራ ይመስላሉ። የመጀመሪያዎቹ ላይ ስኪውን በጉልበት አዞርኩት። ከዚያ አልዞር አለኝ፤ አንዱን ጉብታ ልታጠፍበት ስል ተሻግሮት ሄደ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ወደ ኋላ እቀመጣለሁ። የግራው ስኪ ጅራት ገንፎው ውስጥ ተተከለ፤ እኔ ዞርኩ፣ እሱ አልዞረም። ጉልበቴ ውስጥ የደረቀ ማገዶ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ሰማሁ።

በቃሬዛ ታስሬ ስወርድ እትዬ ጸዳለ እየሮጠች መጣች። አጠገቤ ስትደርስ እጄን ዘረጋሁላት። አልፋኝ ሄደች። ከኋላ ያለው ሠራተኛ ስኪዎቹን ይዞ ነበር፤ ተቀበለችውና ጫፋቸውን በጣቷ ዳሰሰች።

«ተጫረ» አለች። «ዮኒዬ፣ ያዘውና ወደ መኪና ውሰደው። እርጥቡን ጥረገው እንዳይዝግ።»

ዮኒ ስኪውን አቅፎ ሲያልፍ ቃሬዛው አጠገብ ቆም አለ። «ሳድግ እኔ ከአንቺ በላይ አደርገዋለሁ» አለኝ።

ፈታኟ በሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ደረጃ ስወርድ የሰው ትከሻ እይዝ ነበር። ማደሪያውን ሌላ ልጅ ወሰደው። እኔ ወደ ሶፋው ተመለስኩ፤ ስኪው ከጀርባዬ ቆሞ፣ ጉልበቴ ታስሮ፣ ጠዋት ጠዋት ቴሌቪዥኑ እየተከፈተ። ፓልምስ የሚባል ሰፈር ውስጥ የራሴን በር እስካገኝ ድረስ ብዙ ቆየሁ።

ዮኒ ከዕቃ ክፍሉ ወጣ። ሸሚዙ በጤፍ ዱቄት ነጥቷል። ስኪውን መሬት ላይ አቆመውና አጠገቡ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጫፉ አፍንጫው ላይ ደረሰ። እትዬ ጸዳለ እጆቿን አጣምራ እኔን አየችኝ።

«ስኪ አድርገህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አንዴ፣ ትንሽ። ኖ ቢግ ዲል፣ ቪዲዮ አይቻለሁ።»

«የት ነው የምትወርዱት?»

«ወንድሞቿ የሚወርዱት ላይ። ጥቁሩ ላይ።» ጥቁር የሚሉት ተራራው ላይ ካለው ሁሉ የከፋውን ቁልቁለት ነው።

«ስትፈራ ወደ ፊት ታዘነብላለህ ወይስ ወደ ኋላ ትቀመጣለህ?»

«እኔ አልፈራም» አለ። አጠገባችን የሚበሉት ሁለት ሰዎች ሳቁለት።

«እሷ ናት ፈርታ የወደቀችው» አለቻቸው እትዬ ጸዳለ። ወደ እኔ ዞረች። «አታድርቂው። ይሆነዋል አይሆነውም?»

መሀሉን በእጄ ተጫንኩት። አሁንም እሺ አይልም።

«ልክህ ነው» አልኩት። «አድገህበታል። ምርቃቱም አለበት።»

ቦርሳዬን አነሣሁና ወጣሁ።