አባቴ ይቅርታ የጠየቋት ቀበሮ

እኛ ዘንድ ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የበደላቸውን እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። አባቴ ኮምቦልቻን በሁለት ቀን አዳረሷት። ጎረቤቱን፣ የድሮ የፋብሪካ ባልደረቦቻቸውን፣ በአንድ ወቅት የተኳረፉትን ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር። ሁሉም አፉ አሏቸው። ከዚያ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኔ ቤት መጡና «አንዲት ቀርታለች» አሉኝ።

ሴት መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ ቀበሮ ናት! በወጣትነታቸው ቦረና ሳይንት ደጋ ላይ፣ በግ በላችብኝ ብለው አንዲት ቀይ ቀበሮ ከነቡችሎቿ ጉድጓዷ ውስጥ በጭስ አፍነው ገድለዋል። ሰሞኑን ቀይ ቀበሮ ከምድር ሊጠፋ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰሙ።

«ዘሯን የጨረስኩት እኔ ብሆንስ? ይህን ተሸክሜ ካዕባ ፊት አልቆምም። ጉዞው ይቅርብኝ።»

«አባዬ፣ ለአውሬም አፉ በይኝ ይባላል እንዴ? እርስዎ ደግሞ!» ብዬ ተቆጣሁ። ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ሐጅ በቀበሮ ሊቀር ነው። እየተነጫነጭኩ ወደ ቦረና ሳይንት ይዣቸው ሄድኩ።

ያ ደጋ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ዙሪያውን በእርሻ ተከቧል። «አውሬው ከዚህ ወጥቶ መሄጃ የለውም፤ ደሴት ላይ እንዳለ ቁጠሩት» አለን የፓርኩ ጠባቂ። የአባቴ ፊት ጠቆረ። እስከ ቀትር ያየነው ጭላዳ ብቻ ነው። ሰዎች ከሌላ አገር ድረስ መጥተው የሚያዩትን ጭላዳ ዝንጀሮ አባቴ ዞር ብለውም አላዩት። ቀበሮዋ ብትጠፋስ ምን ብዬ እመልሳቸዋለሁ ብዬ ጨነቀኝ፤ ያ ሁሉ ቁጣዬ ጠፍቶ በሆዴ ዱዓ ያዝኩ።

ከቀትር በኋላ ጠባቂው ክንዴን ነካ አደረገኝ። ከአስታ ቁጥቋጦው ሥር ቀይ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ቀበሮ ብቅ አለች። ከኋላዋ አራት ቡችሎች እየተላፉ ተከተሏት።

አባቴ መስጊድ እንደሚገባ ሰው ጫማቸውን አወለቁ።

«አፉ በይኝ፣ እናቴ» አሉ በቀስታ።

ቀበሮዋ ቀና ብላ አየችንና ወደ አይጥ ቁፋሮዋ ተመለሰች። ጠባቂው ሳቁን ዋጠ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አለች?»

ቡችሎቹን አየሁ። አንዱ የእናቱን ጅራት ይዞ ይጎትታል።

«ወላሂ ብላለች፣ አባዬ» አልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «እንግዲያስ እሄዳለሁ።»