ቢቨር የሚባለው ዕረፍት

ኬዛያ ተርሎው ቅርጫቷን ይዛ ከአጥሩ ጥግ ቆመች። ማሳው ውስጥ አልገባችም፤ አልተጣራችምም። በእንግሊዝ አገር፣ በሰፎክ፣ ቢቨር የምታመጣ ሴት ጌታው ሥራ እስኪያቆም ትጠብቃለች።

ቢቨር አጫጆች ከሰዓት በኋላ አረፍ ብለው የሚቀምሱት ነው፦ ዘቢብ ያለበት ዳቦ፣ አይብ፣ ቀዝቃዛ ቢራ። ጌታ የሚባለው ደግሞ ባለመሬቱ አይደለም። አጫጆቹ ከመሃላቸው የሚመርጡት አውራ ነው። ቀጥሎ ያለውን ሰው፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ቢወርድም፣ «እመቤት» ይሉታል። የኬዛያ ባል ኦቤድ እስኪሞት ድረስ ጌታ ነበር። እሱ ረጅም ማጭዱን መሬት ላይ ሲተክል ሰልፉ በሙሉ ይቆማል።

«እመቤቴ፣ ቀሚስሽን እሾህ ያዘው!» ይለዋል አንዱ ጺማሙን። ሜዳው በሳቅ ይሞላል። በዚያች ሰዓት ባለመሬቱ እንኳ ማንንም አያዝም ነበር።

ቢቨር የሚለውን ቃል ዘር ያስረዷት የሰበካው ቄስ ናቸው። ከፈረንሳይ ባሕር ተሻግረው አገሩን የያዙ መኳንንት ያመጡት ነው፤ ትርጉሙም መጠጣት ነው አሏት። መኳንንቱ ውለው አድረው በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ቃላቸው ግን አጫጁ አፍ ላይ ቀረ።

«ከመኳንንት አሮጌ ሁሉ ሳይቀደድ የደረሰን ይኸው ቃል ብቻ ነው» ትል ነበር ኬዛያ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ አጫጅ ጠፋ። ዘንድሮ ኮምባይነር የሚባል የማጨጃ ማሽን መጣ፤ የሚነዳውም የገዛ ልጇ ሩበን ነው። በመንደሩ የቢቨር ቅርጫት የሚይዝ ሌላ ሰው አልቀረም። ዛሬ ሩበን ካልቆመ ቢቨር አበቃለት።

ማሽኑ እያጓራ በፊቷ አለፈ። ሩበን እጁን አውለበለበ። ዞሮ መጣ፤ አሁንም አውለበለበ። ቢራው ሞቀ።

ባለመሬቱ ካችፖል በአጥሩ በር በኩል ብቅ አለ።

«ምን ይገትርሻል ኬዛያ? ጥሪው እንጂ!»

«ጌታው ሳይቆም?»

«የምን ጌታ? ያለው አንድ ሰው!»

«አንድ ከሆነማ ጌታው እሱ ነዋ።»

ካችፖል ደመናውን አየ። ገብሱ ዝናብ ሳይነካው መግባት ነበረበት። ቢሆንም ኮፍያውን አውልቆ ለሩበን ምልክት ሰጠ። ሩበን ማሽኑን አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«እማዬ፣ ጠርሙሱን አቀብዪኝ! እየነዳሁ እጠጣለሁ። ቄሱ መጠጣት ማለት ነው ብለው የለ?»

«መጠጣት ብቻ ከሆነማ ላሞቹም ይጠጣሉ።»

ካችፖልን ሳቅ አመለጠው። ሩበን ትንሽ ተቅለሰለሰና ሞተሩን አጠፋ።

ሦስቱም ገለባው ላይ ተቀመጡ። ከሩቅ የወፍ ድምፅ ይሰማል።

«ሩበን ጌታ ከሆነ እመቤቷ እኔ መሆኔ ነው» አለ ካችፖል።

«ቀሚሱ ለወገብዎ አይበቃም» አለችው፤ ዳቦም ቆረሰችለት።

የማሳው የመጨረሻ ጥግ ሳትታጨድ ዝናቡ ደረሰባት። በማግስቱ ካችፖል ሩበንን ጠርቶ፣ አጨዳ ላይ ከእንግዲህ ማሽን እንደማይቆም ነገረው። ሩበን ጠርሙሱን የማሽኑ ወንበር ሥር ይዞ እየነዳ ይጠጣ ጀመር።

ኬዛያ ዳቦውን መጋገር አልተወችም። በዚያችው ሰዓት ጎረቤቶቿን ትጠራለች።

«ሻይ ደርሷል፣ ኑ» ትላቸዋለች። ሥራ የሚያስቆም ጌታ ስለሌለ ቢቨር አትለውም።