ሽማግሌ የተላከበት አሰልጣኝ

ተከላካይ ነበርኩ፤ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ። ይህን ለሐበሻ ስናገር ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ ነው። ቀጥሎ «ኧረ ባክህ፣ በረዶ ላይ? አንተ?» ይከተላል። አዎ፣ በረዶ ላይ፣ እኔ። እግር ኳስ ተጫወትኩ ብል ማንም አይስቅም፣ ማንም ደግሞ ዞር ብሎ አይሰማኝም። ስለዚህ ስቀው እስኪጨርሱ እጠብቅና ወሬዬን እቀጥላለሁ።

እኛ ዴን ሃግ የምንላት፣ አገር ቤት ዘ ሄግ የሚሏት የሆላንድ ከተማ የገባሁት በሰባት ዓመቴ ከእናቴና ከአባቴ ጋር ነው። ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር ውስጥ አሳንሰር የሌለው ፎቅ ላይ ቤት ሰጡን። አንድ ክረምት ትምህርት ቤታችን ክፍሉን በሙሉ ወደ በረዶ አዳራሽ ወሰደ። የደች ልጆች ሲንሸራተቱ እኔ ሜዳውን የከበበውን አጥር ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ቆምኩ። አንዱ መጥቶ ገፋኝ፤ እኔም ገፋሁት። እሱ ወደቀ፣ እኔ አልወደቅሁም። ያልወደቅሁት አጥሩን ስለያዝኩ ነው፣ ግን ያን ማንም ልብ አላለም። ብዙም ሳይቆይ የልጆች ሆኪ ቡድን ውስጥ አስገቡኝ።

ከዚያ ወዲያ ሕይወቴ እሱ ሆነ። አድጌ ዋናው ቡድን ገባሁ፤ ይከፈለኝም ጀመር። ግን በሆላንድ በዚህ ጨዋታ ብቻ ተኖሮ አይዘለቅምና ቀን ቀን ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እጭን ነበር። ከሥራ በኋላ ልምምድ፣ ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ። አንዱን ሳምንት አምስተርዳም፣ ሌላውን ሮተርዳም፣ ሁላችንም አንድ አውቶቡስ ውስጥ ታጭቀን፣ የኋላ ወንበር ላይ ካርታ እየተጫወትን፣ እናቴ የቋጠረችልኝን አምባሻ ቡድኑ እየተሻማብኝ። እንዴት ያለ ጥሩ ዘመን ነበር። ሜዳው በማሽን ታጥቦ ገና ማንም ሳይረግጠው፣ የመጀመሪያው ጫማ ስለቱን ሲያሳርፍበት የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። የላቡ ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኛል። እናቴ የመጫወቻ ሻንጣዬን ቤት አታስገባም ነበር፤ የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው። «ውስጡ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ተከላካይነት ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። ፓክ የምንላትን ክብ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ በሰውነትህ ትመልሳለህ፣ እየበረረ የሚመጣውን አጥቂ ከአጥሩ ጋር ታጣብቀዋለህ፣ ጭብጨባው ግን ለበረኛው ነው። የተሳሳትክ ቀን ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ስምህን ያውቃል። እኔ ግን ወደድኩት። አጥቂ የሚባሉትን ፍጥረቶች እስከ ዛሬ አላምናቸውም፤ ሲያገቡ የእነሱ፣ ሲገባብን የእኛ።

እናቴ ስጫወት ልታየኝ የመጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ገና ወጣት ሳለሁ። አንድ ግዙፍ ሰው ከአጥሩ ጋር አላትሞኝ ስዘረር አይታ ብድግ ብላ ወጣች። ጨዋታው አልቆ ስፈልጋት ትራም ፌርማታ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። «ሰው ልጄን ሲደበድብ ቁጭ ብዬ አላይም» አለችኝ። ሁለተኛ ድርሽ አላለችም። አባቴ ካረፈ በኋላማ፣ እኔ ከጨዋታ ወጥቼ እስክደውል ድረስ ስልኳ ከእጇ አይለይም ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ምናምን ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ አበጠ፣ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ሠላሳዎቹን ተሻግሬአለሁ። አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ የሮተርዳም ሰው፣ በጊዜው አጥቂ የነበረ፣ ይህን ደግሞ ወዲያው ቆጥሬበታለሁ። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል ከልምምድ በኋላ ጠራኝ። ደች ነገር አያለሰልስም። «ዘንድሮ ቡድኑ ውስጥ ቦታ የለህም። እስከ ወሩ መጨረሻ ከእኛ ጋር መለማመድ ትችላለህ» አለኝና ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሄደ።

ሰማይ ተደፋብኝ። ሌላ ምን ልበል? አንድ ዓመት ብቻ ነበር የፈለግሁት። አንድ ዓመት ተጫውቼ፣ ራሴ በቃኝ ብዬ፣ በራሴ እግር መውጣት። ያንን ነው የነጠቀኝ።

ለእናቴ ነገርኳት፤ ምሳዬን ሳልነካ ስነሳ ጠየቀችኝና። «ምን አጥፍተህበት ነው?» አለች።

«ምንም አላጠፋሁም። ጉልበቴ ነው።»

«እንግዲህ እናያለን» አለችና ሳህኑን አነሳች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ በረዶው ላይ እያለሁ ቀና ስል፣ በመግቢያው በር ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሙሉ ልብስ፣ ካፖርት፣ አንዱ ከላይ ነጭ ጋቢ። መካከል ያሉት የአባቴ የቅርብ ጓደኛ ናቸው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው። በቀኝ በኩል የሙርዋይክ ጎረቤታችን የወሎው ሐጂ፤ በግራ፣ ጋቢ የለበሱት፣ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንድ ዝምተኛ ሰው። ሦስት ሆነው ለብሰው ሲመጡ ነገሩ ግልጽ ነው። እናቴ አሰልጣኙ ላይ ሽማግሌ ልካበታለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ከእግሬ ሥር ያለው ደግሞ በረዶ ነው፣ አይከፈትም። አሰልጣኙ ቢሮው አስገባቸውና እኔን ለማስተርጎም ጠራኝ። ላብ በላብ ሆኜ፣ ሄልሜቴን በብብቴ ይዤ፣ ባለ ስለት ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። አሰልጣኙ ወንበር እየሳበ «ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ ንቅንቅ የለም።

«ተቆጥተዋል እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም፤ ልመናቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ባህላችን ነው።»

«እስከ መቼ ነው የሚቆሙት?»

«እስክትመልስላቸው።» ይህን ሲሰማ ራሱም ከወንበሩ ተነሳ። አምስታችንም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆምን።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ልጃችን ካጠፋ ይካሳል፣ ከእግርዎ ይወድቃል። ብቻ ወደ ቦታው ይመልሱልን።»

ተረጎምኩ። አሰልጣኙ ግራ ገባው። «ምንም አላጠፋም» አለ።

«ካላጠፋ ታዲያ ለምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በሕይወታቸው ብዙ አስታርቀዋል፤ ያልተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ ግን መጥተው አያውቁም። ሐጂ «ሳይጣሉ መለያየት አለ እንዴ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። እኔ መሳቅም መሞትም አማረኝ።

አሰልጣኙ ያኔ እኔን ሳይሆን ጋሼን እያየ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። ድሮ እደርስባት የነበረችው ፓክ ላይ አሁን እንደማልደርስ፣ አጥቂዎች እኔ ባለሁበት በኩል ማለፍ እንደጀመሩ፣ ሌላ ዓመት ቢያጫውተኝ ያንን ጉልበት ለዕድሜ ልኬ እንደማበላሸው። «ጎበዝ ነበር። አሁን አበቃ። እሱም ያውቀዋል» አለ።

ይህን ማን ይተርጉመው? እኔው። ሦስቱም ዓይን ዓይኔን ያያሉ። የአባቴ ጓደኛ ፊት ቆሜ የራሴን መርዶ በራሴ አፍ ላወራ ነው። «ጋሼ፣ ፍጥነትህ ቀንሷል ነው የሚለኝ። በእኔ በኩል ያልፋሉ። አበቃልህ ነው የሚለኝ» አልኩ።

«እውነቱን ነው?» አሉኝ፣ እኔኑ።

በደች ቢጠይቁኝ እከራከር ነበር። «እውነቱን ነው ጋሼ» አልኩ። አንገቴን ደፋሁ።

ጋሼ ወደ ጓደኞቻቸው እንኳ ዞር ሳይሉ ቀጠሉ። «መልካም። መጫወቱ ካልሆነ ቀረ። እኛ ግን ባዶ እጃችንን አንመለስም። ይህ ልጅ በዚህ ቤት ነው ያደገው። መጫወት ያልቻለ ማስተማር ያቅተዋል?»

አሰልጣኙ ራሱን አከከ። ወለሉን አየ፣ እኔን አየ፣ የቆሙትን ሽማግሌዎች አየ። እርግጠኛ ነኝ፣ አንደኛ እንዲቀመጡለት ፈልጓል። ግን ሰውየው የማያምንበትን አይናገርም። «ተከላካዮቹን የሚይዝልኝ ረዳት የለኝም። አጥቂ ነበርኩ፣ የእነሱን ነገር በደንብ አላውቅም» አለ። ይህችን በሙሉ ልቤ ነው የተረጎምኳት። «ከፈለገ ዘንድሮ ከጎኔ ይቁም።»

«ተመስገን» አሉ ጋሼ። ሐጂም «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሦስቱም እኩል ቁጭ አሉ። ከማሽኑ ሻይ ተቀድቶ መጣላቸው። ከዚያ ደግሞ እኔና አሰልጣኙ ተነስተን ትከሻ እንድንሳሳም አዘዙን። «አልተጣላንም እኮ» አለ ሰውየው። «ቢሆንም» አሉ ጋሼ፤ ይህችን በደች። ተሳሳምን። ላቤን ሸሚዙ ላይ አበስኩለት።

ሰው ሲሰማው ያምራል። እኔ ግን ተቃጥዬ ነበር። ሲወጡ በር ድረስ ሸኘኋቸውና «ጋሼ፣ ምናለ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቁኝ?» አልኩ።

«ሽማግሌ የተላከበትን እንጂ የተላከለትን አይጠይቅም» አሉኝ። ትራማቸው መጣና ተሳፈሩ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እምቢ ብል ወደዚያ አዳራሽ የምገባበት ምክንያት አይኖረኝም። መጫወት አልቻልኩም፣ መቅረትም አልቻልኩም። እንዲህ ሆኜ ነው አሰልጣኝ የሆንኩት፤ ዛሬ ዋና አሰልጣኝ እየተባልኩ ስጠራ ሰዎች የረጅም ጊዜ ሕልሜ ይመስላቸዋል።

በረዳትነት የመጀመሪያ ጨዋታዬ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሮተርዳም ነበር። ክራቫት አሰርኩ። እናቴ «እኔም እመጣለሁ» አለች፤ ጆሮዬን አላመንኩም። በመኪናዬ ወሰድኳትና ከእኛ አግዳሚ ወንበር በስተኋላ፣ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እኩል ነበርን። እኔ ስጫወት የኖርኩበት በግራ በኩል ያለው ቦታ ክፍት ሆነ። ተከላካያችን ወደፊት ሄዷል፣ አጥቂው ፓኩን ይዞ ብቻውን እየመጣ ነው። የት እንደሚታጠፍ አውቄዋለሁ፤ ትከሻው ነገረኝ። እግሬ በራሱ ተነሳ። እኔ ባለ ክራቫቱ ሰውዬ፣ አንድ እግሬን አጥሩ ላይ አውጥቼ ልዘል ስል፣ ዋናው አሰልጣኝ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል ደረቴን በእጁ ያዘኝ። ወደ ታች ስመለከት ያደረግሁት የቆዳ ጫማ ነው። ጎሉ ገባ። ሰው ሁሉ ወደ ጎሉ ሲያይ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ተሸንፈን በመኪናዬ ተመለስን። ዴልፍትን አልፈን ራይስዋይክ ስንደርስ እናቴ «ልትዘል ስትል አይቼሃለሁ» አለች።

«ጋሼ እንዲያስመልሱኝ አልቻሉማ» አልኩ። ወቀሳው ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«የላክኋቸው እንዲያስመልሱህ አልነበረም።»

ዞር ብዬ አየኋት። ፊት ለፊት መንገዱን እያየች ነው።

«ሽማግሌ መጀመሪያ ትልቁን ይለምናል፣ እምቢ ሲባል ትንሹን ያገኛል። የፈለግሁት ትንሹን ነው። ከዚያ በረዶ ይውረድልኝ፣ ከቤቱ ግን እንዳያስወጡብኝ፤ እሱ ካልገባበት ይሞትብኛል አልኳቸው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ዛሬ እግርህን ሳይ በጣም አዘንኩልህ። ግን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አየሁህ እኮ። ማንም አልመታህም። አልጸጸትም።»

ቤቷ ድረስ አድርሻት፣ ደረጃውን ደግፌ አወጣኋትና ሳልቀመጥ ወጣሁ። ብዙ ቀን አኮረፍኳት። ልምምድ ግን አንድም ቀን አልቀረሁም።