የባለቤት ስም

ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ከስሜ በስተቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ስሕተት ብታገኙ እለፉልኝ። ይህን የምጽፈው ይጁቤ ዙሪያ ላላችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ ለመውጣት ለምታስቡ እህቶቼ ነው።

እኔ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ልጄን አዝዬ፣ ዶሮ አንጠልጥዬ ከገበያተኛው ጋር ስሄድ ባሌ አልጠረጠረም። ክንዴን በሰበረው ጊዜ እንኳ ሽማግሌ አስታርቆ መልሶኛልና መሄጃ ያለኝ አልመሰለውም። ዶሮዋን ሸጬ በሚኒባስ ማርቆስ ገባሁ።

ማርቆስ ቅርብ ነው ትሉ ይሆናል። ውኃ የሚገዛበት፣ ጎረቤት በሩን ዘግቶ የሚበላበት አገር ለእኔ ባሕር ማዶ ነው። ዝናቡ እንኳ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድንጋይ የሚወረውሩብኝ ይመስለኝ ነበር፤ እኛ ቤት የሣሩ ክዳን ድምፁን ይውጠዋል።

ቤት ፍለጋው ከመንገዱ ከፋ። «ባል የሌላት ሴት ነገር ታመጣለች» እያሉ መለሱኝ። በመጨረሻ ጠላ የሚሸጡ ወይዘሮ ብርቱካን፣ እንስራ እያጠብሁላቸው ጓዳቸው እንዳድር ፈቀዱ። «ግን መታወቂያ አምጪ። ነገ ባልሽ መጥቶ ሚስቴን ደበቅሽ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ያለ መታወቂያ አላኖርሽም» አሉኝ።

ቀበሌ ሄድሁ። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣
«የባለቤት ስም?» አለኝ።
«ወይዘሮ ብርቱካን።»
«ያገቡሽ ወይዘሮ ብርቱካን ናቸው?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ እኮ የቤቱን ባለቤት የጠየቀኝ መስሎኝ ነው።

«ባል ነበረኝ፤ ሲደበድበኝ ትቼው መጣሁ» አልሁ።
«እንግዲያማ ቤት አለሽ! ታረቂና ግቢ። እምቢ ካልሽ ከመጣሽበት ቀበሌ መሸኛ አጽፊ።»

የዚያ ቀበሌ ሊቀመንበር የባሌ አጎት ነው።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ያበጠ ዓይኗን በነጠላ ሸፍና ቆማለች። እሷን ሳይ ነው አፌ የተፈታው። «ጌታዬ፣ ዕርቅስ ሞልቶናል። ያጣነው ከውስጥ የሚቆለፍ በርና ሠርተን የምንበላው ነው።»

ማንም አልሳቀም። እሱ ግን «መመሪያ ነው» ብሎ ቀጣዩን ጠራ።

አሁን ከዚያች ሴት ጋር ወደ ሴቶች ጉዳይ እንመላለሳለን። እንደኛ ላሉት ማደሪያና የመነሻ ሥራ ስጡ እንላለን። «ይታያል» ይሉናል። ይታያል ማለት በከተማ አይሆንም ማለት ነው፤ እወቁት።

የወይዘሮ ብርቱካን ትዕግሥት ሲያልቅ፣ በአክስቴ ልጅ ሞባይል እናቴን አገኘኋትና ስለ መሸኛው ጠየቅኋት።

«አጎትየው ራሷ መጥታ ትውሰድ ብሏል» አለችኝ።

ከወዲያ ላም ስትጮኽ ሰማሁ፤ የእኛዋ ትሁን የጎረቤት አልለየሁም።

«ልምጣ እንዴ፣ እምዬ?»

«አትምጪ ልጄ። ናፍቆት አሸንፎኝ ነይ ብልሽ እንኳ፣ እንዳትሰሚኝ።»