ወጣት ደግሞ አስም ይይዘዋል?

የልደታ ዕለት ነበር፤ ዘመኑ ደግሞ ቀይ ሽብር። ከቅዳሴ ስወጣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ጠብቀው ነጠላዬን ያዝ አደረጉና፣ «ልጄ፣ እንዳትጮኺ። ወንድምሽን አብዮት ጥበቃዎች ወስደውታል፤ ቀበሌ ነው ያለው» አሉኝ። ዛሬ በምኖርበት በጎሬ፣ የሰው ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

ወንድምጋሼን አስም የያዘው በልጅነቱ ነው። አባታችንም ነበረባቸው። ሲነሳበት ኪኒኑን ካልዋጠ ደረቱ ያፏጫል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ቤት ሮጬ ኪኒኑንና ምሳውን ይዤ ሄድኩ።

ቀበሌው በር ስደርስ ፉጨቱን ለየሁት። በተከፈተው በር አየሁት፤ ተንበርክኳል፣ አፍንጫው ይደማል። አየር ለመሳብ ቀና ሲል ከላዩ የቆመው ጥበቃ ደረቱን በሰደፍ መታው።

«ወረቀት ስትበትን ደህና የነበረ ሳንባ ዛሬ አመመው?»

«አስም አለበት፤ ስለ እመቤታችን» አልኩ።

«ወጣት ደግሞ አስም ይይዘዋል? እሱ የሽማግሌ በሽታ ነው። ቲያትር እየሠራ ነው።» በሰደፉ ደገመው።

ያኔ ለእስረኛ ምግብ ያመጣ ሰው፣ መርዝ እንዳይሆን፣ መጀመሪያ ራሱ ይቀምስ ነበር። የበሩ ጠባቂ እንጀራውን አስቀመሰኝ። ኪኒኑን ሲያይ «ይሄንንም ቅመሺ» አለኝ። ዋጥኩ። «ድገሚ።» ደገምኩ። ኪኒኑ ልቤን ያስደልቀው ጀመር። እሱ ይስቃል። አንዲት ኪኒን ብቻ ቀረች።

ከውስጥ አንድ ጎልማሳ ጥበቃ ወጣ። «ተዋት። የእኔም ልጅ እንዲህ ያፍናታል፤ ገና ጡት መጣሏ ነው» አለ።

«ለፀረ አብዮተኛ አዘንክ እንዴ፣ ጓድ?» አለው ሰደፈኛው።

ጎልማሳው ኪኒኗን ከእጄ ወስዶ ገባ። በሩ ተዘጋ። ወዲያው የዱላ ድምፅ ሰማሁ፤ ማን ማንን እንደመታ አላውቅም። እኔን በጥፊ አባረሩኝ።

በማግስቱ «ተዛውሯል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን አላየሁትም።

አስም ሕፃን አዋቂ እንደማይመርጥ ዛሬ ሁሉም ያውቃል። ሰደፈኛው ያን ቢያውቅ ይተወው ነበር ወይ? እንጃ። ለዚያች ሕፃን፣ ስሟን ባላውቅም፣ እስከ ዛሬ እጸልያለሁ። ለሰደፈኛው መጸለይ ግን ገና አልሆነልኝም፤ እግዚአብሔር ይርዳኝ።

በዚያ ክፍል አብራችሁት የነበራችሁ፣ በሕይወት ካላችሁ፣ ማን ገደለው ብዬ አልጠይቃችሁም። ወንድምጋሼ ያቺን ኪኒን ውጧት እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።