ከቀይዋ መኪና በር ላይ የጠፋው ጽሑፍ

ጎረቤታችን መኪናውን በቤንዚን ጨርቅ በወለወለ ቁጥር ሽታው በመስኮት ይገባል፣ እኔም ሮጬ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል፣ ምክንያቱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው አስመራ በንጉሡ እጅ ከገባች በኋላ ነው፣ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ መኪና ያጥብና ቀለም ይቀባ ነበር። በበጋ፣ ትምህርት በሌለኝ ቀን፣ ከሰፈራችን ከሓዝሓዝ ቁርሱን ቋጥሬ እወስድለት ነበር። እሱ ፊደል አልቆጠረም፤ የመኪና እሽቅድምድም ሲኖር ግን ከመንገዱ ዳር አይጠፋም፣ የነጂዎቹንም ስም ከጣሊያኑ አፍ እየሰማ እንደ ጸሎት ይደግመው ነበር።

በዚያን ጊዜ ግንብ ላይ ንጉሡን የሚቃወም ጽሑፍ ይጻፍ ነበር፣ በትግርኛም በዐረብኛም። ጽሑፉ የተገኘበት ቤት ባለቤት ይገረፋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ወጥቶ ግንቡን ያይ፣ ካገኘም በኖራ ይሸፍን ነበር።

ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ከመሀል አገር የመጣ አንድ የጸጥታ ሹም፣ አገር ለቆ ከሚሄድ ጣሊያን በማስፈራራት የወሰዳትን ቀይ መኪና በሸራ እንደተሸፈነች ለእጥበት አስገባት። ጠዋት አባቴ ሸራውን ሲገልጥ እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት።

«ኣቦ፣ በሩ ላይ ጽፈውበታል» አልኩት።

የተጠማዘዘ ጥቁር ጽሑፍ ነበር፣ ዐረብኛ መሰለኝና ይህንኑ ነገርኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ እኔን የጋራዡ በር ላይ ለጥበቃ አቁሞ፣ ጨርቁን ቤንዚን ነክሮ፣ ፈትጎ ፈትጎ አጠፋው። ሲጨርስ እፎይ ብሎ ሳቀልኝ።

ሹሙ መጣና በሩን አይቶ «ፊርማው የት ሄደ?» አለ። ለካ መኪናዋ ለአንድ ዝነኛ የእሽቅድምድም ነጂ ክብር ጥቂት ብቻ ከተሠሩት አንዷ ናት፣ ጽሑፉም የነጂው ፊርማ ነው። አባቴ ያንን ስም በጆሮው እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። እሱ እቴ፣ ነገሩ አልገባውም፤ ምስጋና ጠብቆ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ጽፈውብዎት ነበር፣ ሰው ሳያይ አጠፋሁልዎት።»

«እነማን?»

አባቴ ጨርቁን ከኋላው ደበቀ።

«የእነማንን ጽሑፍ ነው የምታውቀው አንተ?»

የጋራዡ ባለቤት ጣሊያኑ ለበሩ ቀለም እያዘነ ቆሞ አየ፤ ወደ አባቴ ዞር እንኳ አላለም። አባቴን ሲወስዱት ቁርሱ እንደተቋጠረ እጄ ላይ ቀረ።

ክረምቱን ሙሉ እናቴ እስር ቤት በር ላይ በዝናብ ትቆም ነበር፤ ምግቡን ይቀበሏታል፣ ይብላው አይብላው አይነግሯትም። ጎረቤት ሰላምታ ነሣን። ማታ ማታ እናቴ ፊቷን አዙራ «ፊደል መለየትሽ ነው ያስበላን» ትለኝ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ደብተሬን ምድጃ ውስጥ ከተተችው፣ አልተመለስኩም።

አባቴ ከመስቀል በኋላ ተፈታ፣ ሁለት የፊት ጥርሱ የለም። እኔን ግን «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ብሎ መጥራቱን አልተወም፤ ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚያስለቅሰኝ።

ያኔ ማጥፋት ያድናል ብለን እናምን ነበር። ዛሬ የእናት አንጀት ይዤ፣ ግንባችን ላይ ጽሑፍ በከሰል ተጭሮ ሳገኝ፣ ባጠፋው አንብቤዋለሁ ማለት ነው፣ ብተወው የልጆቼ ነው ይባላል፤ ስለዚህ በሬን ዘግቼ ዝናብ እንዲያጥበው እጠብቃለሁ።