አይሰማም፣ ሲጠብቅም ሲላላም

ሙያዬን ያስተማሩኝ አንድ ሰው ናቸው። ክፋቴን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሴ ነው። ክፋቴን የሞከርሁት ሙያውን ባስተማሩኝ ሰው ላይ መሆኑን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል። ኋላ ላይ ደግ ሰው መስለኸን ነበር የሚለኝ አንባቢ አልፈልግም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጋራዥ አለ። እዚያ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የመካኒኮቹን አለቃ የኔታ ነበር የምንላቸው። በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም ቅኔ ቤት ገብተው፣ ትምህርቱን ሳይጨርሱ አንድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለው የጠፉ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አንድ መሪጌታ ጎደላት፤ እኛ መካኒክ አገኘን። ቅኔው ግን አብሯቸው ተሳፍሮ ነበር። የሚያጨስ መኪና ሲመጣ "ጭሱ ሰሙ ነው፤ ወርቁን ፈልጉ" ይሉናል፤ የሚታየውን ትታችሁ የተደበቀውን በሽታ አግኙ ማለታቸው ነው። አንድ ቃል ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ እንደሚሆን ያስረዱኝም መኪና ሥር ጎን ለጎን ተኝተን፣ ዘይት ፊታችን ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

የኔታ የሚታወቁት በጆሯቸው ነው። አንድ ረጅም ካቻቢቴ አላቸው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ሥር ያለው አጥንት ላይ ያስደግፉና ዝም ይላሉ። ከዚያ ሁለተኛው ካንዴላ ነው ይላሉ፣ ወይም የፖምፓው ኩሽኔታ ነው ይላሉ። ሲፈታ እንዳሉት ይገኛል። ከሉማሜም ከጉንደ ወይንም ሹፌሮች የሚመጡት ለዚያ ጆሮ ብለው ነበር። ጋራዡን ከባሏ የወረሰችው እቴቴም ይህ ቤት የቆመው በየኔታ ጆሮ ነው እያለች በየሄደችበት ታወራለች። እንግዲህ ጆሯቸው ከሄደ አለቅነታቸውም ስማቸውም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ሌላ የሚኖሩበት ነገር አልነበራቸውም፤ ሚስትም ልጅም የላቸው።

እኔ ደግሞ አለቅነቱን እፈልገው ነበር። ልሸፋፍነው አልችልም፣ አጥብቄ ነው የምፈልገው። ዕድሜዬ ወደ አርባ እየገፋ፣ ፀጉሬ ሽበት እያበቀለ፣ አሁንም የየኔታ ተማሪ ነበርሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? አንድ መኪና ላይ ቆመን በልቤ ይህ እኮ ካንዴላ ነው ስል፣ አፌን ሳልከፍት ካንዴላ ነው ይላሉ። በልቤ ቫልቭ ነው ስል ቫልቭ ነው ይላሉ። ሁልጊዜ ይቀድሙኛል። ምስጋናው የእሳቸው፣ መፍታቱ የእኔ።

ጆሯቸው እንደደከመ ከማንም ቀድሞ የነቃው ታዲያ ማን ይመስላችኋል? አንድ ቀን አንድ ከባድ ቸርኬ ከኋላቸው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ግቢው በሙሉ ዘለለ። እሳቸው ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር፤ ማንኪያው እንኳ አልቆመም። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰላይ እከታተላቸው ጀመር። ከጀርባ ስጠራቸው አይዞሩም። ከፊት ሆኜ ስናገር ዐይናቸው ከከንፈሬ አይነቀልም። በሽታውን ግን ያገኙታል! በልምድ ነው፣ በግምት ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ለጓደኞቼም ሹክ አልኋቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የየኔታማ ጭራሽ አገር ለቋል እያልን እዚያው አጠገባቸው ሆነን እንስቅ ነበር። እሳቸውም ስንስቅ አይተው አብረውን ፈገግ ይላሉ።

በቤንዚን የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ሁለት እያሉ እኛም ከተማ ብቅ ማለት ጀምረዋል። የኔታ ጎማ ያበቀለ የእጅ ባትሪ ይሏቸዋል፤ አጠገባቸውም አይደርሱም። አንድ የሚወዱት መኪና ግን ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ አንድ ቀን አጠገባቸው የተነሣ የእሽቅድምድም መኪና ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ አፍንጫው መሬት የሚያሸት። ያንኑ መኪና ከቀን መቁጠሪያ ላይ ቆርጠው መሣሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ድምፁን ሲያወሩት አይጠግቡም። ማኅሌት ነው ይላሉ፤ አንዱ ሲሊንደር ሲያነሣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ስምንት ሆነው አንዱ ከአንዱ አይዛነፍም። ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ካቻቢቴዬን ባስደግፍበት ይሉ ነበር።

ፋብሪካው ያንን ሞተር መሥራት እንደተወ እኔ በስልኬ አይቼ ነበር። ስሙን ጠብቀው፣ መልኩን ጠብቀው፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተው ባትሪ ሞልተውታል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው፣ በአባቱ የሚያፍር በስሙ የሚኮራ ነገር አድርገውታል። ለየኔታ አልነገርኋቸውም። ለምን እንዳልነገርኋቸው ያኔ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ አውቃለሁ።

በኅዳር አንድ ጠዋት ያ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ቀይ ነው። የነዳው አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው፣ ወላጆቹ ከሉማሜ ወዲህ ካለ አገር፤ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሊታይበት ይዞት መጥቶ ድንጋይ ጎማውን ቀዶበታል። ጎማውን ስንለጥፍለት አንዱ ጓደኛዬ ድምፁ የታል ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ደረቱን ነፋና "አይሰማም" አለ።

"የእኛም አለቃ አይሰማም" አልሁ።

ሲጠብቅ መኪናው፣ ሲላላ የኔታ። ጓደኞቼ በሳቅ ጎማው ላይ ተደፉ። በሕይወቴ የዘረፍሁት ቅኔ ያ ብቻ ነው፣ ያንንም ባስተማሩኝ ሰው ላይ። የሳቁ ሙቀት ሳይለቀኝ ደግሞ ሌላ ነገር መጣልኝ። ለምን አናስደምጣቸውም? መኪናው በርቶ ይቆም፣ ኮፈኑ አይከፈት፣ ድምፅ አምጥቷልና ያዳምጡልን እንበላቸው። እውነተኛ ጆሮ ያለው ሰው ምንም የለም ይላል። ነጋዴው ጨዋታው ጣመው፤ እሺ አለ። እቴቴንም ከቢሮዋ ጠራኋት። ያለ እሷማ ምን ዋጋ አለው፣ የምታየው እሷ እንድትሆን ነው የፈለግሁት።

የኔታ ከመሣሪያ ክፍሉ ወጡና መኪናውን ሲያዩ ባሉበት ቀሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ መኪና ለመንካት እጃቸውን ሲታጠቡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያኔ መተው እችል ነበር። አልተውሁም። ፊት ለፊታቸው ቆሜ አፌን ሰፋ አድርጌ፣ ባለቤቱ ድምፅ ሰምቻለሁ ይላል፣ ኮፈኑን ከነካነው ዋስትናው ይበላሽበታልና ከላዩ ሆነው ያዳምጡለት አልኋቸው።

ቀለሙን እንዳይጭረው የካቻቢቴውን ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉ። ስምንቱ ሲሊንደር ከኋላ ነው ያለው አሉና ወደ ኋላ ዞሩ። እኔንም እንደ ልማዳቸው ከመኪናው ማዶ ፊት ለፊታቸው አቆሙኝ። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን አጥንታቸው ላይ አስደገፉ። መኪናው በርቷል፤ ትንፍሽ አይልም። ግቢው ጸጥ ከማለቱ የተነሣ በአስፋልቱ የሚያልፍ የፈረስ ጋሪ ኮቴው ይሰማ ነበር። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቴን አኮማትሬ ከንፈሬን ነከስሁ። ጓደኞቼን እንዳላይ እሳቸውን ብቻ አየሁ። እሳቸውም እኔን ያያሉ። መዳፋቸውን መኪናው ላይ አስቀመጡ፣ ግራ እንደተጋባ ሰው አነሡት፣ እንደገና ወደ እኔ አዩ። ደግሜ ነከስሁ።

ቀና አሉ።

"ኩሽኔታው አልቋል" አሉ። "ክፉኛ ያንኳኳል። በዚህ ዓይነት አዲስ አበባ አይደርስም፣ መንገድ ላይ ይቆምበታል።"

መጀመሪያ የሳቀው ነጋዴው ነው። ከዚያ ግቢው ሁሉ። እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዝ አድርጋ ትንሽ ታገለች፣ ኋላ እሷም ለቀቀችው። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ስስቅ ያዩኛል። ሳቁ ሲበርድ ወደ እሳቸው ጠጋ ብዬ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቃል በቃል እየለየሁ፣ ይህ መኪና ሞተር የለውም፣ ባትሪ ነው አልኋቸው። አልገባቸውም። ነጋዴው የኋላውን ከፈተላቸው፤ ለሠርጉ የያዘው ጫማና ሱፍ ልብስ አለ። የፊቱንም ከፈተላቸው፤ ባዶ ነው። የኔታ ባዶውን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ስሙ ግን ያው ነው?" ብለው ጠየቁ።

ያው ነው አላቸው ነጋዴው።

ጨርቁን ከካቻቢቴው ፈቱ፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ባርኔጣቸውን አደረጉና ወደ በሩ ሄዱ። አንድ የጭነት መኪና ወደ ግቢው በኋላ ማርሽ እየገባ ነበር፤ ጥሩንባውን ቢያስጮኸው ቢያስጮኸው ከመንገዱ ገለል አላሉም። ሹፌሩ በመጨረሻ አቆመላቸው። ያን ጊዜም ሳቅን።

ሰኞ እለት እቴቴ አለቃ አደረገችኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁት። ስለ የኔታ የጠየቀ ሰው ቢኖር ታሪኩን ከእነ ቅኔው እነግረው ነበር፤ በየሻይ ቤቱ እስከ ሉማሜ ድረስ ደርሷል። አይሰማም የሚለው ቃል መተራረቢያችን ሆነ። አንድም ቀን እንቅልፍ አልነሣኝም፤ እንደዚያ ነው እንጂ ሌላ ምን ልበል።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዤላቸው ሄድሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም፤ ሳጥኑ ቦታ ይዞብኝ ነው። ደግሞ እሳቸው እግዜር ይባርክህ ቢሉኝ ነገሩ የሚስተካከል መስሎኝ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጎናቸው ልቀመጥ ስል በእጃቸው ከለከሉኝና ፊት ለፊታቸው፣ ፀሐዩ ላይ አስቀመጡኝ። እንዴት ሰነበቱ አልሁ። ደኅና አሉ። ድምፃቸው ከሚገባው በላይ ስለጮኸ የሚያልፉ ሴቶች ዞረው አዩን።

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ። መቼ ነው የተዉት፣ መስማቱን አልኋቸው።

"አራት ዓመቴ" አሉ።

አራት ዓመት! ታዲያ ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ካንዴላና ቫልቭ በምን ተገኘ ብዬ ጠየቅሁ። እስከዚያ ድረስ አለመረዳቴ እሳቸውንም ያስገረማቸው ይመስላል።

"በአንተ ነዋ" አሉ። "ካንዴላ ሲሆን ግራ ዐይንህን ጨፈን ታደርጋለህ። ቫልቭ ሲሆን አንገትህን ታዘነብላለህ። ኩሽኔታ ሲሆን ከንፈርህን ትነክሳለህ። ራስህ አታውቀውም። ፊት ለፊቴ የማቆምህ ለምን ይመስልሃል? የእኔ ቢሄድ የአንተ አለ ብዬ ነው አራት ዓመት የቆየሁት።"

አፈርሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ ጠቅላላ ነገሩን እንደ ሥራ ነበር የሚያስረዱኝ።

"ያን ቀን ሁለት ጊዜ ነከስህ" አሉ። "መዳፌን ባስቀምጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም። እጄም ጆሮዬን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው ብዬ ደነገጥሁ። ከእጄ ይልቅ አንተን አመንሁ።"

ከቅጥሩ ውስጥ ሰዎች እየወጡ ነበር። የሚያውቋቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሲሰጡ እሳቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሳሉ። ሰዉ እስኪያልፍ ጠበቁና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ እየሞከሩ ነበር።

"ስትስቁ አፋችሁን ነው ያየሁት። ድምፁ አልደረሰኝም። ብዙ ነበር?"

"ኧረ ትንሽ ነው፣ የኔታ" አልኋቸው።

ፊቴን አዩት። እውነተኛውን መልስ ከዚያ አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የመሣሪያ ሳጥኑንም ወደ እኔ መልሰው ገፉት።